የማይዋሽ ጥሪ፤ የጓሮ ዶሮን ስለ ማላመድ

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር



«ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» የሚለው አነጋገር የሚነገረው ስለ ሰው ነው። በጣፋጭ ቃል ተሸንግሎ ወደ ጥፋቱ የሄደ የዋህ ይገለጽበታል። ምሳሌው የተወሰደበት ድርጊት ግን ዛሬም በየጓሮው ይፈጸማል። ጥሬ ይበተናል፤ ዶሮዎች ይሰበሰባሉ፤ ጥሬውን የበተነው እጅ ከመካከላቸው አንዷን ለቀም ያደርጋል። የቀሩት እየጮኹ ይበተናሉ። በማግሥቱ ያው እጅ ያንኑ ጥሬ ሲበትን ግን ከሩቅ ቆመው ይመለከታሉ እንጂ አይቀርቡም። ሰው ዶሮን ሞኝ ይላታል፤ ዶሮ ግን ሒሳቧን ይዛለች። የዚህ ንግግር ጉዳይ ይህ ሒሳብ ነው።

ስለ ዶሮ አመኔታ በመሐንዲሶች ጉባኤ መናገር ለአንዳንዱ አድማጭ እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። ሆኖም የዶሮ ቤት ንድፍ ለባለሙያ በሚቀርብበት ጊዜ ሁሉ ስለ ግድግዳውና ስለ ጣሪያው ብዙ ይባላል፤ የሚያድርበት ፍጡር ቤቱንና ባለቤቱን ያምን እንደ ሆነ ግን እምብዛም አይጠየቅም። በ2013 ዓ.ም. የማዕከላዊ ስታትስቲክስ የናሙና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ የሚገኙት ዶሮዎች 57 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ከእነዚህም ከአራቱ ሦስት እጅ የሚበልጡት የአገር ዝርያዎች ናቸው። አብዛኞቹ ያለ አጥርና ያለ ሽቦ በጓሮ ይውላሉ። አሳዳጊያቸው የምትከለክልበት አጥር ስለሌላት ያላት መሣሪያ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ዶሮዋ ለድምፅዋና ለእጇ የምትሰጠው አመኔታ ነው። ይህ መሣሪያ ሲበላሽ የሚደርሰው ጉዳት በእንቁላልና በጫጩት ቁጥር ይታያል።

ነገሩን ከቦታው ጋር አያይዞ መመልከት ይበጃል። ፍስሐ ገነት ከይርጋ ጨፌ በስተ ደቡብ፣ ከዲላ ወደ ቡሌ ሆራና ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የጌዴኦ ዞን ከተማ ናት። ከመንገዱ ጥቂት ርምጃ ገባ ያለ ሰው ራሱን ከጥላ ሥር ያገኘዋል። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከመካከል እንሰት፣ ከእንሰቱ ጎን ቡና፣ ከሁሉም በታች የወደቀ ቅጠል። ሰውና ዛፍ ተስማምተው የሚኖሩበት ይህ የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ዶሮ የምትውለው ከዚህ ሁሉ በታች ነው። ቅጠሉን እየጫረች ትልና ምስጥ ትለቅማለች።

የዶሮ ቅድመ አያት የሆነው ቀዩ የዱር ዶሮ በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚኖረው እንዲሁ በዛፍ ጥላ ሥር ቅጠል እየጫረ ነው። ስለዚህ የጌዴኦ ጓሮ ለዶሮ ባዕድ አገር አይደለም፤ ይልቁንም የጥንት ቤቷን ይመስላል። በዚህም ምክንያት ሰውን ያላመነች ዶሮ ወደ ጥንት ጠባይዋ ለመመለስ ብዙ አትቸገርም። በደረቀ የእንሰት ቅጠል ሥር ጎድጓዳ ሥፍራ ፈልጋ ትጥላለች፤ ከቆጥ ይልቅ በቡና ቅርንጫፍ ላይ ታድራለች፤ አንድ ማለዳም ላባዋ ብቻ ተበትኖ ይገኛል።

ለምሳሌ ያህል በዚህ ሥፍራ አምስት እንስት ዶሮዎችና አንድ አውራ ያላት የቤት እመቤት ትታሰብ። የአገር ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ያህል ነው። ከዚህም ከፊሉ ለማስታቀፍ ይቀመጣል። የቀረው ለጨው፣ ለሳሙናና ለልጆች ደብተር ይሆናል። ቡና የሚሸጠው በዓመት አንድ ወቅት ሲሆን፣ እንቁላል ግን በየገበያው ቀን ጥቂት ገንዘብ ያስገባል። ይህችን ትንሽ ገቢ ሦስት ጠላቶች ይሻሟታል፤ ቀን ጭልፊት፣ ሌሊት ሸለምጥማጥ፣ በየወቅቱም ፈንግል። አራተኛው ኪሣራ ከማንም ጠላት የሚመጣ አይደለም፤ ባለቤቷን የፈራች ዶሮ ደብቃ ጥላ የሚበላሸው እንቁላል ነው። ሦስቱን ጠላቶች ለመከላከል አስቀድሞ ዶሮዋን ማግኘት ያስፈልጋል፤ ስትጠራ የማትመጣ፣ ስትነካ የምትሸሽ ዶሮ ግን አትገኝም።

ዶሮ ሰውን የምትፈራበት ምክንያት ከአካልዋ አፈጣጠር ይጀምራል። ዓይኖቿ በራስዋ ግራና ቀኝ የተቀመጡ ስለ ሆኑ፣ ከኋላዋ ካለ ጠባብ ሥፍራ በቀር ዙሪያዋን ታያለች። ይህ ዓይን ጠላትን ከሩቅ ለመለየት የተሠራ ነው። ከበላይዋ በፍጥነት የሚወርድ ነገር ለእርሷ ጭልፊት ነው፤ ቀጥ ብሎ እያፈጠጠ የሚመጣም አዳኝ ነው። አውራ ዶሮ ከሰማይ ለሚመጣ ጠላትና በምድር ለሚመጣ ጠላት ሁለት የተለያዩ የማስጠንቀቂያ ድምፆች እንዳሉት፣ የሰሙት እንስቶችም እንደ ድምፁ ዓይነት እንደሚሸሸጉ ወይም ቀና ብለው እንደሚቃኙ ተመራማሪዎች በሙከራ አረጋግጠዋል። እንግዲህ ከላይ ጎንበስ ብሎ እጁን የሚሰድድ ሰው፣ አሳቡ ለማቀፍም ቢሆን፣ በዶሮዋ ዘንድ የሚነበበው በጭልፊት ፊደል ነው።

የእመቤቲቱ ትንሽ ልጅ ቀይዋን ቄብ ለመያዝ ጓሮውን ሲዞር ይታይ። ቄቧ ከእንሰት ወደ እንሰት ትሮጣለች፤ ልጁም ይከተላል።

«ልጄ፣ አንተ ስትሮጥ እሷ ጭልፊት የመጣ ይመስላታል» ትለዋለች።

«ታዲያ እማዬ፣ እንዴት አድርጌ ልያዛት?»

«አትያዛት። ቁጭ በል፤ እሷ ትምጣ።»

የማላመድ ሥራ በሙሉ በዚህ አጭር መልስ ውስጥ ይገኛል። ቁጭ ያለ ሰው ቁመቱ ይቀንሳል፤ ከላይ መውረዱ ይቀራል፤ ፊቱን ጥቂት ዘወር ካደረገም ማፍጠጡ ይጠፋል። የመቅረቡ ምርጫ ከሰውየው ወደ ዶሮዋ ይተላለፋል። ለመሸሽ ነጻ የሆነች ዶሮ ለመቅረብም ትደፍራለች።

ይህን ትምህርት ለመጀመር ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ ጫጩት ከቅርፊቷ የወጣችባቸው የመጀመሪያ ቀናት ናቸው። እንግሊዛዊው ዳግላስ ስፖልዲንግ እ.ኤ.አ. በ1873 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ዓይናቸውን ሸፍኖ ያቆያቸውን ጫጩቶች ታሪክ ተርኳል። ወደ አራት ቀን ሲጠጋቸው የተገለጡት ጫጩቶች ሰውየውን ሲያዩ በድንጋጤ ሸሹ። በእርሱ አስተያየት፣ በዋዜማው ቢገለጡ ኖሮ ወደ እርሱ በሮጡ ነበር። ዶሮ በእነዚያ ጥቂት ቀናት ውስጥ ያየችውን ዘመድ፣ ያላየችውን ባዕድ ብላ መመዝገብ ትጀምራለች ማለት ነው። ብራያን ጆንስ የተባለው ተመራማሪ በበኩሉ ዘወትር በእጅ የሚነኩ ጫጩቶች ሰውን መፍራታቸው እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከዚህም በላይ ሳይነኩ የሌሎችን መነካት ቆመው ያዩት ጫጩቶች እንኳ ፍርሃታቸው ተቀነሰ። ለጓሮ አሳዳጊ የዚህ ትርጉም ትልቅ ነው። ከአሥራ ሁለት ጫጩቶች እያንዳንዳቸውን ማቀፍ አያስፈልግም፤ ሁለቱን በሌሎቹ ፊት በለሆሳስ መያዝ ለሁሉም ትምህርት ይሆናል።

ሆኖም በጌዴኦ ጓሮ ጫጩት የምታድገው በታቃፊ እናቷ ሥር ነውና መምህርቷ እናቷ ናት። እናት ስትደነግጥ ጫጩት ትደነግጣለች፤ እናት ከሰው እጅ ስትለቅም ጫጩትም ትለቅማለች። ስለዚህ ጥንቁቅ አሳዳጊ ለማስታቀፍ የምትመርጠው በብዛት የምትጥለውን ብቻ ሳይሆን እጅ የለመደችውንም ጭምር ነው። 21 ቀን በታቀፈችበት ጊዜ ውኃና ጥሬ በሰዓቱ የምታቀርብላት ያቺው አንዲት እጅ ስትሆን፣ ጫጩቶቹ ከመፈልፈላቸው በፊት እንኳ ለእነርሱ የሚሆን መተማመን ተጀምሯል።

የመተማመኑ ታሪክ ረዥም ነው። በትግራይ ምሥራቃዊ ክፍል በሚገኘው በመዝበር የተቆፈሩት የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ820 እስከ 595 ዓመታት ባለው ዘመን እንደሚመደቡ ኢትዮጵያዊቷ የሥነ ቁፋሮ ተመራማሪ ሔሊና ወልደኪሮስና ካትሪን ዳንድሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት አሳውቀዋል። ስለዚህ ዶሮ በኢትዮጵያ ከ2,500 ዓመት በላይ የቤት እንግዳ ሆና ቆይታለች። እንዴት ከዱር ወደ ቤት እንደገባች ለመረዳት ደግሞ በስዊድን የሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲው ፔር የንሰንና ባልደረቦቹ የዱር ዶሮዎችን ሰውን በመፍራት መጠናቸው ብቻ እየለዩ ለተከታታይ ትውልዶች አራቡ። ሰውን ጥቂት የሚፈሩት ወገኖች ከጥቂት ትውልድ በኋላ በአካል ገዘፉ፤ የሚወልዷቸውም ጫጩቶች ትልልቆች ሆኑ። ማንም ለክብደት አልመረጣቸውም፤ የተመረጠው የፍርሃት ማነስ ነበር፤ ሌላው ተከትሎ መጣ። በአውስትራሊያም ባርኔትና ሄምስወርዝ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ጥናት ዶሮዎቹ ሰውን አብልጠው በሚፈሩባቸው እርባታዎች የእንቁላል ምርት ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ሁልጊዜ ለመሸሽ የተዘጋጀ አካል ጉልበቱን በሽሽት ላይ ያውላልና ይህ ሊያስደንቅ አይገባም።

በዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም ይገባዋል። የተያዘች ዶሮ ጸጥ ስትል ብዙ ሰው «ተላመደች» ይላል። የጀስዊት ማኅበር ካህን የነበረው አታናሲየስ ኪርኸር እ.ኤ.አ. በ1646 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እግሯ ታስሮ መሬት ላይ የተጋደመች ዶሮ ማሰሪያዋ ከተፈታ በኋላም ሳትንቀሳቀስ እንደምትቆይ ገልጾ ነበር። እርሱ ነገሩን ከፊቷ በተሠመረው የጠመኔ መሥመር አመካኘ። የኋላ ሊቃውንት ግን መሥመሩ ምንም እንደማያደርግ፣ ዶሮዋን ያደነዘዛት ከፍተኛ ፍርሃት መሆኑን ተረዱ። አዳኝ የያዘው ፍጡር የመጨረሻ ተስፋው የሞተ መምሰል ነው። ስለዚህ በእጅ ላይ ድርቅ ያለች ዶሮ በሰላም ላይ ናት ማለት አይቻልም። የሰላም ምልክቱ ሌላ ነው፤ በሰው አጠገብ ላባዋን ታበጥራለች፣ አፈር ትታጠባለች፣ ክንፏን ዘርግታ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች። እነዚህን ሁሉ የምትሠራው ጠላት እንደሌለ ስታምን ብቻ ነው።

ወደ ሥራው ሲገባ የመጀመሪያው ደንብ የሰዓት ጠባቂነት ነው። ዶሮ ጊዜን ታውቃለች። በየማለዳው ከቆጥ ስትወርድና በየማታው ሳይመሽ፣ በአንድ ሥፍራ፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ እየተጠራች አንድ እፍኝ ጥሬ ይሰጣት። ብዛቱ አያሳስብም፤ አለመቋረጡ ነው የሚያሳስበው። በመጀመሪያው ሳምንት አሳዳጊዋ ጥሬውን በትና ትርቃለች። ቀጥሎ አጠገባቸው ቁጭ ትላለች። ከዚያ ጥሬውን ከእግሯ ሥር፣ በመጨረሻም ከመዳፏ ላይ ታቀርባለች። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚታለፈው ዶሮዎቹ ሲፈቅዱ እንጂ አሳዳጊዋ ስትቸኩል አይደለም። መንጋው የራሱ ማዕረግ ስላለው በመጀመሪያ የምትቀርበው አንዷ ደፋር ትሆናለች፤ ሌሎቹ እርሷን አይተው ይከተላሉ።

ሁለተኛው ደንብ ከሁሉም የከበደ ነው፤ ጥሪው እንዳይዋሽ። የሚጠራ ድምፅና የሚይዝ እጅ በአንድ ጊዜ መገናኘት የለባቸውም። ዶሮዋን ለመሸጥም፣ ለማከምም፣ ለማረድም የሚያስፈልግ ከሆነ መያዣው ሰዓት ሌሊት፣ መያዣው ቦታ ቆጥ ነው። የዶሮ ዓይን በጨለማ ደካማ ስለ ሆነ፣ በቆጥ ላይ ያለችን ዶሮ ሁለቱን ክንፎቿን አቅፎ በቀስታ ማንሣት ይቻላል። ያልተነሡትም አይበተኑም፤ በማግሥቱም ጥሪው እንደ ዱሮው ይታመናል። ለመሐንዲስ ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ድልድይ ሺህ ቀን መሸከሙ በአንድ ቀን መውደቁን አያስተሠርይለትም። የዶሮ አመኔታም እንዲሁ በመቶ እፍኝ ጥሬ ተገንብቶ በአንድ የተንኮል እፍኝ ይፈርሳል።

ሦስተኛው ደንብ ቤቱን ይመለከታል። መውጫ የሌለው ጥግ ያስፈራታልና የዶሮ ቤት ሰው ሲገባ ዶሮ ወደ ጎን የምታልፍበት ስፋት ይኑረው። ቆጡ ከሰው ደረት ባይበልጥ ይመረጣል፤ አሳዳጊዋ በሌሊት ከበላይ ሳትሆን ከጎን ልትነካቸው ትችላለችና። ለእያንዳንዷ ዶሮ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል የቆጥ ርዝመት ቢሰጥ መገፋፋቱ ይቀንሳል። የአየር ማስገቢያው ከራሳቸው በላይ ሆኖ፣ ሸለምጥማጥ እንዳይሾልክ በጠባብ ሽቦ ወይም በተጠላለፈ ቀርከሃ ይሸፈን። መጣያው ጨለም ባለ ጥግ፣ ደረቅ የእንሰት ቅጠል ተነጥፎበት ቢዘጋጅ፣ ዶሮዋ በጫካ የምትፈልገውን በቤት ታገኘዋለች። ስውር መጣያ ፍለጋ መባዘን በዚህ ይቀራል፤ እንቁላሉም በየቀኑ ይሰበሰባል።

የእነዚህ ደንቦች ጥቅም ጎልቶ የሚታየው በፈንግል ወቅት ነው። ፈንግል ወደ መንደር ከገባ መንጋን በጥቂት ቀን ሊጨርስ የሚችል በሽታ ነው፤ መድኃኒትም የለውም። ያለው መከላከያ ክትባት ብቻ ነው። ለገጠር ዶሮ የተዘጋጀውና ሙቀት የሚችለው አይ ቱ የተባለው ክትባት በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ የተገኘ ሲሆን፣ በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ አንዲት ጠብታ በዶሮዋ ዓይን ላይ በማንጠባጠብ ይሰጣል። ሥራው ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ዶሮዋን መያዙ ነው። ከትቢው በቀጠሮ ሲደርስ ዶሮዎቹ በእንሰቱ ውስጥ ተበትነው ከሆነ፣ ከስድስቱ ሁለቱ ተይዘው አራቱ ይቀራሉ። የእመቤቲቱ ዶሮዎች ግን በየማታው ጥሪ ወደ ቤታቸው ገብተው ስለሚያድሩ፣ ገና ሳይነጋ ከቆጥ ላይ አንድ በአንድ እየተነሡ ይከተባሉ። በዚያን ጊዜ ለወራት የተሰጠው እፍኝ ጥሬ ዋጋውን ይመልሳል።

ከገበያ የተገዛች ዶሮ ልዩ ትዕግሥት ትሻለች። እግሯ ታስሮ፣ ቁልቁል ተንጠልጥላ ረጅም መንገድ የመጣች ፍጡር ስለ ሰው እጅ የተማረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። እንዲህ ያለችው ዶሮ ከነባሮቹ ተለይታ ጥቂት ቀናት በጸጥታ ሥፍራ መቆየት ይገባታል። ይህ በሽታ ይዛ እንደሆነ ለመለየትም ይጠቅማል። ሳሶና ኮይኮይክን የመሰሉት ለገጠሩ የሚከፋፈሉት ዝርያዎችም ብዙዎቹ በማሳደጊያ ውስጥ በብዛት ካደጉ በኋላ ወደ ጓሮ የሚገቡ ናቸው። ሰውን ባይሸሹ እንኳ ጭልፊትን የሚያስተምራቸው እናት አልነበራቸውም። ለእነርሱ የማታው ጥሪ ከትምህርትም አልፎ የሕይወት ጉዳይ ነው።

የቀረው ከባዱ ጥያቄ ነው። ዶሮ በመጨረሻ ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ትታረዳለች። «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» ይባላል፤ ካራው ግን ከመጀመሪያውም በባለቤቷ ቤት ነበር። ታዲያ ይህ ሁሉ ማላመድ የመጫኛው ማታለል በሌላ መልኩ አይደለምን? ጥያቄው በቀላል ቃል አይሸፈንም። አሳዳጊዋ ዶሮዋ የማታውቀውን ታውቃለች፤ ይህን የሚያስቀር ማላመድ የለም። ልዩነቱ ያለው በምን ላይ እንደ ተማመኑ ነው። ዶሮዋ የታመነችው ለዘላለም ለመኖር አይደለም፤ ጥሪው ጥሬ ማለት እንደ ሆነ፣ ማታው ደኅና ቆጥ ማለት እንደ ሆነ፣ የሰው እጅ ጭልፊት እንዳልሆነ ነው። ይህን ቃል እስከ መጨረሻው ሌሊት መጠበቅ ይቻላል። የምትታረደው ዶሮ በጥሬ ተጠርታ፣ ጓሮ ለጓሮ ተሯሩጣ፣ ልቧ እየመታ መያዝ የለባትም፤ ከቆጥ በጸጥታ ተነሥታ፣ በስለታም ካራ ፈጥና ትለፍ። ፍርሃቷ አጭር ይሆናል፤ የቀሩትም ማለዳ ወደ ጥሪው ይመጣሉ።

በፍስሐ ገነት ጓሮ ማታ ሲሆን ጥላው ከሜዳው ይልቅ ቶሎ ይጨልማል። ያቺ በምሳሌ የታሰበች እመቤት ከበሩ ቆማ ስትጣራ አምስቱ እንስቶችና አውራው ከእንሰቱ መካከል እየወጡ ይመጣሉ። ቀይዋ ቄብ ኋላ ቀርታ ትቆማለች፤ አንድ ጊዜ በግራ ዓይኗ፣ አንድ ጊዜ በቀኝ ዓይኗ ትመለከታለች። ልጁ እጁን አይዘረጋም፤ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። ከዚያ እርሷም ትገባለች፤ በሩም ይዘጋል።